የዚያን ቀን ከበር የወጡት ሦስት ናቸው

ከቤት መውጣት ቀላል ነገር ይመስላችኋል። ጫማ ማድረግ፣ በር መክፈት፣ እግር ማንሳት፣ በቃ። ደገኞች ናችሁ ማለት ነው። አዋሽ ሰባት ኖራችሁ ቢሆን፣ በተለይ በግንቦት፣ በተለይ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ጥላ ከእግር ሥር ተሸሽጎ አልወጣም ሲል፣ ሰው ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ለመሻገር እንኳ ቆም ብሎ እንደሚያስብ ታውቁ ነበር። እኔ ራሴ ከፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ስኳር ላመጣ ተነስቼ፣ ሻሼን በውሃ ነክሬ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ በሩ ላይ ከቆምኩ በኋላ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይቼ «ይቅር፤ ዛሬ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ» ብዬ የተመለስኩበት ቀን አለ። ደንበኞቼ እስካሁን ያነሱብኛል።

እና ጠፈርተኞች ከቤታቸው ደጃፍ ለመውጣት ሙሉ ቀን ይዘጋጃሉ ሲባል ሻይ ቤቱ ሁሉ ሲንከተከት እኔ አልሳቅኩም። ወላሂ ገባኝ። እንዲያውም «አዋሽን ያውቋታል ማለት ነው» አልኩ።

ስሜ ዘሃራ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ባሌ በአሰብ መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነበርና አዋሽ አምጥቶ አወረደኝ፤ እሱ ግን እስካሁን እንደነዳ ነው። ሰዎች «እንዴት ነው ባለቤትሽ?» ሲሉኝ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። አራት ነጥብ የት እንደሚደረግ ያስተማሩ ዕለት ዱቄት ላመጣ ሄጄ ስለነበር፣ ዓረፍተ ነገሬ ሲረዝምባችሁ ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ሻይ ቤቴ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ የአሰብ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ነበር። ቆርቆሮ ጣራ፣ የሚነቃነቁ ጠረጴዛዎች፣ ፉል፣ ፓስቲ፣ ሻይ፣ እና በከተማው ውስጥ ትልቁ ሬዲዮ። ሬዲዮውን ባሌ ነው ከአሰብ ያመጣልኝ፤ ከባሌም ይሻላል፣ ቢያንስ ሲጠመዝዙት ዝም ይላል። አብራኝ የምትሠራው ከድጃ ትባላለች፤ እኩያዬ ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ምላሷ ፉሉ ላይ ከምትከትፈው ቃሪያ ይበልጥ ያቃጥላል።

ካድሬያችን ደግሞ ጓድ ታምሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ መላጣ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበር አድርጎ፣ በአንድ እግሩ ተደግፎ የሚቆም ሰው። ይህን አቋቋሙን ያዙልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር። በዚያ ዘመን ግን በክፉና በፈሪ መካከል ያለው ልዩነት ለሻይ ቤት ባለቤት ብዙም አይታይም።

ከጠፈሩ ቀን በፊት አንድ ትልቅ ንግግር ሲተላለፍ ሬዲዮዬ መሐል ላይ ድምፁ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሳል ያዘው፤ ሳቅን ሳል ማስመሰል ያኔ ሁላችንም የተካንበት ሙያ ነበር። ጓድ ታምሩ ግን አልሳለም። ፊቱ አመድ መሰለና «ይህ አሻጥር ነው! ሁለተኛ ከተደገመ ይህ ቤት ይታሸጋል!» አለ። መታሸግ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከጎኔ ያለውን የፀጉር አስተካካዩን በር ማየት ይበቃል። ወረቀቱ ተለጥፎበታል፣ ሸረሪቷ አድርታበታለች፣ ሰውዬው አገሩ ከገባ ቆይቷል። እኔ ደግሞ የምገባበት አገር የለኝም። የአባቴን ቤት ወንድሞቼ ተካፍለውታል፤ ባሌን መንገዱ ወስዶታል። ያቺ በር ወረቀት ከተለጠፈባት እኔና ከድጃ ሜዳ ላይ ነን።

እንግዲህ የጠፈሩ ቀን መጣ።

ጓድ ታምሩ ከጠዋቱ ጀምሮ ሻይ ቤቴ ውስጥ ቆሞ ያስተምረናል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስለተቃጠለ ሕዝቡ ስርጭቱን የሚሰማው እኔ ጋ ነው፤ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎም እሱ አስሬ ሸሚዙን ያስተካክላል። «ሁለት የሶቪየት ጓዶች ናቸው፤ ቤታቸው ምድርን ይዞራል፤ ከቤቱ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ቧንቧ ያፈሳል፤ ዛሬ ወጥተው ይጠግኑታል» አለ።

«እዚያም ቧንቧ ያፈሳል?» አለች ከድጃ። «የኛ ይሻላል። የኛ አያፈስም። የለማ!»

ጓድ ታምሩ እንዳልሰማ አለፋት። ልብሳቸውን መልበስ ብቻ የጠዋቱን ጊዜ እንደሚወስድ፤ ከለበሱ በኋላ በሁለት በሮች መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ገብተው አየሩ ቀስ እያለ እስኪወጣ እንደሚጠብቁ፤ መፍቻው፣ ፒንሳው፣ መዶሻው ሁሉ በክር ከእጃቸው ጋር እንደሚታሰር፤ ምክንያቱም እዚያ የለቀቁት ነገር አይወድቅም፣ እንደ ባሌ እንደሄደ ይቀራል (ይኼኛው የኔ ነው)፤ ወገባቸው ላይ ሁለት ሜንጦ እንዳለ፣ አንዱን ሳይሰክኩ ሌላውን እንደማይነቅሉ፤ ሥራው አልቆ ሲመለሱ ደግሞ በሩ በደንብ ካልተዘጋ እንደማይተርፉ ነገረን። ይህን የመጨረሻውን ሲናገር ሹፌሮቹ እንኳ ሻያቸውን አስቀመጡ።

ጥግ ላይ አባባ ሁመድ ተቀምጧል። የአፋር ሽማግሌ ነው፤ በገበያ ቀን ግመሎቹን ይዞ ይመጣል፣ ሻዬን በራሱ የግመል ወተት ይጠጣል። አንቱታ አያውቅም፤ ካድሬውንም እኔንም እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ «አንተ፣ አንቺ» ነው የሚለው። እጁን አነሳና «ሲወጡ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አለ።

«ማንም። ሁለቱም ይወጣሉ።»

አባባ ሁመድ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ አይደለም» አለ።

ስርጭቱ ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ከኋላ ካለው ሥጋ ቤት አንድ አባ ኮዳ ተነሳ። አባ ኮዳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰው የሚያህል መላጣ ወፍ ነው፤ ሥጋ ቤት አካባቢ ቆሞ እንደ ዳኛ ሰውን ይመለከታል። መጣና ጣራዬ ላይ፣ የሬዲዮዬ ሽቦ በተወጠረበት እንጨት ላይ አረፈ። አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። በአንድ እግሩ ቆመ። ከላይ ጓድ ታምሩን አየው፤ ጓድ ታምሩም ከታች በሩ ላይ ቆሞ አየው። ከድጃ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ፤ ሁለታችንም ሳል ያዘን። ከዚያ ወፉ ከባድ ክንፉን ዘርግቶ ተነሳ፤ እንጨቱ ተንጋደደ፤ ሽቦው ጥዝ ብሎ ተበጠሰ፤ ሬዲዮው «ሽሽሽሽ» አለ።

«ጓዶች! አንድ ፈቃደኛ!» ብሎ ጮኸ ጓድ ታምሩ።

ሹፌሮቹ ስለ ጎማቸው ማውራት ጀመሩ። የባቡር ሠራተኞቹ ባቡር የመጣ ይመስል ጆሯቸውን ወደ ጣቢያው ጣሉ። አልፈርድባቸውም። በዚያ ሰዓት የኔ ቆርቆሮ ላይ ቁራ እንኳ እግሯን እያፈራረቀች ነው የምታርፈው። ጓድ ታምሩ ሰውን ሁሉ ካየ በኋላ፣ ዞር ብሎ በሬን አየ። ሌላ ነገር አይደለም፤ በሯን ነው ያየው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ወረቀቱ የት እንደሚለጠፍ እንደሚያሰላ ሰው።

«እኔ እወጣለሁ» አልኩ።

«አንቺ?» አለች ከድጃ። «ጣራው ነው የሚወርደው እንጂ አንቺ አትወጪም!»

ግን ይቺ ከድጃ ወርቅ ናት። እየተሳደበች ታለብሰኝ ጀመር። የባሌን ቦቲ አመጣች፤ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ሞላችው። የጥጥ እርሻው ጆንያ ውሃ ነክራ ወገቤ ላይ ጠመጠመች፤ ሌላ ጆንያ ለመቀመጫ፤ ሻሼ ላይ እርጥብ ፎጣ፤ ፎጣው ላይ የሹፌር ባርኔጣ። የነጠላ ጥለት ቀድዳ ፒንሳውን ከእጄ አንጓ ጋር አሰረችበት። «የለቀቁት ይሄዳል ብሏል» አለች፣ ሳትስቅ። አባባ ሁመድ ተነስቶ የግመሉን ገመድ ፈታና ወገቤ ላይ አዞረው፤ የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠቀለለው።

«እነሱ ሁለት ሜንጦ አላቸው» አለኝ። «አንቺ ያለሽ አንድ ገመድ ነው።»

«ሁለተኛው አንተ አይደለህ እንዴ፣ አባባ!»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ስረግጥ ሹፌሮቹ አጨበጨቡ፤ ሁለተኛውን ስረግጥ መሰላሉ አቃሰተና ጭብጨባው ቆመ።

ጣራ ላይ ስትወጣ ዓለም ሌላ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጣቢያው፣ ሃዲዱ፣ የመኪናው ሰልፍ፣ ወደ መልካ ወረር የሚወርደው መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው እየነጣ እየነጣ ሄዶ ሰማዩን የሚነካበት፤ ድምፅ የለም። ሙቀቱ ሲተነፍስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሜዳው ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል። «ያ ረቢ፣ ይሄ ሁሉ እዚሁ ነበር?» አልኩ። ከዚያ ጆንያው መድረቅ ጀመረና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሽቦውን አገኘሁት፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኘሁና በፒንሳው ጠመዘዝኩት። ከታች ሬዲዮው ተናገረ። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። እጄን አነሳሁ። «ሽሽሽሽ።» እጄን መለስኩ። ተናገረ። እንደገና ጠመዘዝኩት፣ አጠበቅኩት፣ ዱአ አደረግኩበት፣ ለቀቅኩት። «ሽሽሽሽ።» ሬዲዮው እኔን ራሴን ነበር የፈለገው። አገር ምድሩን ለመስማት የዘሃራ እጅ ያስፈልጋል።

«ጓዲት ዘሃራ!» ይላል ጓድ ታምሩ ከጥላው ውስጥ። «በአብዮቱ ስም እንዳትነቃነቂ!»

አልተነቃነቅኩም። ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሽቦውን ጨብጬ ቀረሁ። ከድጃ በጣሳ ውሃ ወደ ላይ ትረጫለች፤ ግማሹ እኔ ላይ፣ ግማሹ ጓድ ታምሩ ላይ ያርፋል፤ የቱን እንዳለመች አልጠየቅኳትም።

አሁን የኔን ጉድ ስሙ። ቃሉ አይሰማኝም። ከቆርቆሮው ሥር ጉምጉምታ ብቻ ነው የሚመጣው። የምሰማው ሕዝቡን ነው። መጀመሪያ «ወጡ! ወጡ!» ተባለ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ረዥም ዝምታ። «ምን ሆኑ?» ብዬ ጮህኩ፤ ማንም አልመለሰልኝም። ከዚያ «እህህ» የሚል ድምፅ፤ ከዚያ ሳቅ፤ ምን እንደሚያስቅ እግዜር ይወቀው። ቆይቶ ቆይቶ ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ «ውይ!» አለ። በሩ ነው፣ አልኩ፣ በሩ አልዘጋ ብሏቸዋል! ሁለት የሰው ልጆች፣ እናት ያላቸው፣ አንድ ቧንቧ ሊጠግኑ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ሊቀሩ ነው። ቁርአን የማውቀውን ያህል ቀራሁላቸው። አላህ ለነሱም እንደኔ ገመድ የሚይዝ ሰው እንዲሰጣቸው ለመንኩ።

«ተዘጋ? በሩ ተዘጋ?» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ! ቦቲው ውስጥ ያለው ጨርቅ ደርቋል፣ እግሬ እየተጠበሰ ነው፣ እና ጎንበስ ብዬ ባይ ጓድ ታምሩ በሩ አጠገብ ጥላ ውስጥ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ በአንድ እግሩ ቆሟል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«አንተ አባ ኮዳ!» አልኩት፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። «ጥላ ውስጥ ከምትገተር ወጥተህ አትይዘውም! ወንድምህ አይደል የበጠሰው!»

እንዳልኩት ሕዝቡ «እሰይ!» ብሎ በጭብጨባ ቤቱን አናጋው። ቃሌ በጭብጨባው ውስጥ ጠፋ። ጓድ ታምሩም ያጨበጭባል። አልሀምዱሊላህ፣ ማንም አልሰማም፣ አልኩ። ግን ወገቤ ላይ ያለው ገመድ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ታች ባይ፣ የገመዱን ጫፍ የያዘው አባባ ሁመድ ጺሙን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። እሱ ደጅ፣ በሩ ሥር ነበር፤ አንድ ጆሮው ወደ ሬዲዮው፣ ሌላው ወደ እኔ። ሰምቷል።

እንዴት እንደወረድኩ አልናገርም፤ መሰላሉ ምስክር ነው። ጥላ ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ከድጃ እግሬን ውሃ ውስጥ ዘፈቀችው። «ተዘጋ ወይ በሩ?» አልኩ። አንዱ ሹፌር «የተዘጋው መጀመሪያ ነው» አለ፣ ሌላው «ሦስቴ ነው የተዘጋው» አለ፤ ከድጃ «እኔ ውሃ ስረጭ ነበር፣ ምን አውቃለሁ» አለች። ጓድ ታምሩን ብጠይቀው «ታላቅ የሶሻሊዝም ድል ነው!» አለኝ።

«እሱስ ይሁን፤ ልጆቹ ገቡ ወይ?»

«ድሉ የማይቀለበስ ነው!» አለና እንግዶቹን ሊሸኝ ሄደ።

ያኔ አባባ ሁመድ ፊቴ ቁጢጥ አለ። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይቀባበል አያልፍም። ዳጉን ወሬ እንዳትሉት። ወሬ የኛ የሻይ ቤቶች ነው፤ ስንቀባበለው ይወፍራል። ዳጉ ግን አደራ ነው፤ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለሚቀጥለው ሰው ታስረክባለህ፤ ያጎደለ ሰው ሁለተኛ አይታመንም። አባባ ሁመድ መጀመሪያ ውሃውን ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ አገሩ ሰላም መሆኑን፣ ግመሎቹ ደህና መሆናቸውን ነገረኝ። ከዚያ ጀመረ፤ ሁለቱ ሰዎች እንዴት እንደለበሱ፣ እንዴት እንደወጡ፣ ቧንቧው ላይ እንዴት እንደደረሱ፣ አንዱ መክደኛው አልላቀቅ ብሎት በአገሩ ቋንቋ እንደተሳደበ (ሳቁ ያ ነበር)፣ ጠግነው ሲመለሱ በሩ አልገጥም ብሎ አንድ ክር ተይዞበት እንደተገኘ («ውይ!»)፣ ክሩን አውጥተው እንደገና እንደገፉት፣ እንደተዘጋ፣ ሁለቱም በደህና እንደገቡ። እንባዬ መጣ። ጣራ ላይ ከቆየሁት ይልቅ ይሄ አደከመኝ።

«በመጨረሻ» አለ አባባ ሁመድ፣ «ዛሬ ከበር የወጡት ሦስት ናቸው። ሁለቱን በጆሮዬ ሰማሁ። ሦስተኛዋን በዓይኔ አየሁ። ሦስቱም ገቡ።»

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። «አባባ፣ ይህን ወደ ታች ትወስደዋለህ?»

«ዳጉ ነው። ይሄዳል።»

«ስድቤንም?»

«ሰማሁት» አለ፣ በሐዘኔታ። «አይቀነስም።»

«ቤቴን ያሽጉብኛል እኮ!»

አሰበ። «በአፋርኛ ነው የምናገረው» አለኝና ገመዱን ጠቅልሎ ግመሎቹን ተከትሎ ወረደ።

ሌሊት በር ሲንኳኳ ባሌ ነው ብዬ መደንገጤን ከተውኩ ስንት ዘመኔ፤ አሁን ደግሞ ካድሬው ነው ብዬ መደንገጥ ጀመርኩ። ዳጉው እንደሄደ እሰማ ነበር። ከመልካ ወረር የመጡ የጥጥ ሠራተኞች ቦቲዬን ማየት ፈለጉ። ከአዳይቱ የመጣ አንድ ጎልማሳ ጊሌውን፣ ያንን የአፋር ጩቤ፣ ታጥቆ ገብቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጣራውን ለረዥም ጊዜ አይቶ፣ «ልክ እንደነገሩን ነው» ብሎ ሄደ። ሰመራ ያኔ ከተማ አልነበረችም፤ ድንጋይና ንፋስ ነበረች፤ ቢሆንም በዚያም ያለፈ ግመለኛ ሰምቶታል ይባላል። ዱብቲ ደረሰ በተባለ ሰሞን ጓድ ታምሩ ለስብሰባ ወደዚያው ወረደ። እኔና ከድጃ ብርጭቆዎቻችንን በጆንያ መጠቅለል ጀመርን።

ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። በሯን አየ።

«ጓዲት ዘሃራ» አለ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ፣ «የሸለቆው ሕዝብ ነቅቷል! መልካ ወረር ልናገር ስነሳ ሁሉም መጀመሪያ ቀና ብለው ጣራ ጣራውን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ፣ ከዚያ ደስታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። አዳይቱም እንደዚያው! ዱብቲማ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ! የጠፈር ትምህርቴ ሰርጿል። የተጀመረው ደግሞ ከዚህ ቤት ነው። ይህን ቤት ማንም እንዳይነካው ተናግሬያለሁ።»

እና አልታሸገም። ዘመኑም አለፈ፣ ካድሬውም ሄደ፣ በሬ ግን ክፍት ነው። አንዳንዴ ሳስበው ይገርመኛል፤ እነዚያ ልጆች የዳኑት በራቸው በመዘጋቱ፣ እኔ የዳንኩት በሬ ባለመዘጋቱ። ለሁሉም እንደየቤቱ ነው።

ያን ዕለት ግን ወንበር ሳብኩለት። እሱ ሊቀመጥ ሲል ጣራው ላይ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ያው አባ ኮዳ ነው፣ መጥቶ አርፏል።

ጓድ ታምሩ ቀና አለ። «ይሄ ወፍ ምን ፈልጎ ነው እዚህ የሚመላለሰው?»

«ዘመድ ሊጠይቅ ነዋ!» አለች ከድጃ ከጓዳ።

ሻዩን ቀዳሁለት። ስኳሩን አበዛሁለት።